ፕሮፌሰር ስቬን ሩበንሰንና የኢትዮጵያ ነፃነት ምክንያት
(በራዲዮ የተነገረ ንግግር)



ከጉና ተራራ በስተምዕራብ የምትገኘው ደብረ ታቦር ዛሬ የደቡብ ጎንደር ዋና ከተማ ናት። ባለፈው መቶ ዘመን በፊት ግን የአገር ጉዳይ የሚመከርባት፣ የውጭ መልእክተኛም ደጅ የሚጠናባት የመንግሥት መቀመጫ ነበረች። ራስ ዓሊ፣ ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ተቀምጠውባታል። ዛሬ የማነሣላችሁ፣ በዚያ ዘመን ነገሥታቱ ከውጭ መንግሥታት ጋር የተጻጻፉትን ደብዳቤ ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን ስላሳለፉ አንድ ሊቅ ነው።

እኒህ ሊቅ ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ስቬን ሩበንሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 ተወልደው፣ ከኢጣልያ ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ አገራችን መጥተው በመምህርነት አገለገሉ፤ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ታሪክ አስተማሩ። በኋላም በስዊድን አገር በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመው ትልቁ መጽሐፋቸው ያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ጎረቤቶቿ ሁሉ በቅኝ ገዢ እጅ ሲወድቁ ኢትዮጵያ በምን ምክንያት ነፃነቷን ጠብቃ ቆየች? የሚል ነው።

ብዙዎች «ተራራዋ አዳናት» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «አውሮፓውያን እርስ በርሳቸው ስለ ተቀናኑ ተረፈች» ይላሉ። ሩበንሰን ግን በዚህ አልረኩም። ተራራ ብቻውን ጠላት የሚከለክል ቢሆን ኖሮ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ድረስ ባልወጣ ነበር። የአውሮፓውያኑም ቅናት ቢሆን የግብፅን ጦር ከጉንዴትና ከጉራዕ፣ የኢጣልያንንም ከዐድዋ አላስቀረውም። ስለዚህ ዋናው ምክንያት የኢትዮጵያውያን የራሳቸው ማስተዋልና ተጋድሎ ነው ብለው ደመደሙ።

ለዚህም ማስረጃ የፈለጉት በአውሮፓ መዛግብት ብቻ አይደለም። የአማርኛውን ደብዳቤ ከትርጉሙ ጋር ቃል በቃል አመሳከሩ። ከእነ ጌታቸው ኃይሌ፣ ከእነ አምሳሉ አክሊሉና ከእነ መርዕድ ወልደ አረጋይ ጋር በመተባበርም ደብዳቤዎቹንና ውሎቹን ሰብስበው፣ የመጀመሪያውን ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1987 አሳትመዋል።

የዚህ ሥራ ጥቅም በምሳሌ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው፣ መልእክተኞች ሊልኩ ስላሰቡ መንገድ እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ነገር ግን መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሡም እንደ ተናቁ ቈጥረው ቆንሲሉን ካሜሮንን አሰሩ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ወጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀንም ንጉሡ ዐረፉ። የጥፋቱ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ያልተመለሰው ደብዳቤ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ አይካድም።

በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ደግሞ ጎርዶን ፓሻ ከግብፅ ተልኮ ደብረ ታቦር መጣ። ዐፄ ዮሐንስ ሁለት ጊዜ ድል ያደረጉ ሲሆኑ፣ የተያዘባቸው አገር እንዲመለስና የባሕር በር እንዲሰጣቸው ጠየቁ። መልእክተኛው ግን መሬት የመልቀቅ ሥልጣን ስላልነበረው ባዶ እጁን ተመለሰ። ንጉሡም ጥያቄያቸውን ሳይተዉ ቆይተው፣ በግንቦት 1876 ዓ.ም. በዐድዋው ውል ቦጎስ እንዲመለስና በምፅዋ በኩል ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ አስፈረሙ። ይሁን እንጂ ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምፅዋን ያዘች። እንግዲህ ውል ማስፈረም አንድ ነገር ነው፤ ውሉን ማስከበር ሌላ ነው።

ሩበንሰንን ካሳወቋቸው ሥራዎች አንዱ ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የአማርኛው ቃል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» የሚል ሲሆን፣ ኢጣልያኖች ግን የራሳቸውን ጽሑፍ ይዘው ግዴታ አለባቸው አሉ። ለልዩነቱ ተጠያቂው ውሉን ያዘጋጀው አንቶኔሊ ነው ሲሉ ሩበንሰን ተከራከሩ። ኢጣልያዊው የታሪክ ሊቅ ካርሎ ጂሊዮ ተቃውመዋቸው፣ ሁለቱ በጽሑፍ ተሟግተዋል። ክርክሩ የአንድ ግሥ ክርክር ቢመስልም፣ ያ ግሥ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ብዙ ደም አስፈስሷል።

በመሥሪያ ቤት ወረቀት የምትጽፉና የምታመሳክሩ ወገኖቼ ሆይ፤ ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። መልስ ሳያገኝ በመዝገብ ቤት የሚቀመጥ ደብዳቤ፣ ሳይመሳከርም የሚፈረም ትርጉም ቀላል ነገር አይደለም። የአገር ነፃነት በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በጠረጴዛም ላይ ይጠበቃል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከፊታችን የሚቀርበውን ወረቀት፣ ትንሽም ቢሆን፣ በማስተዋል እናንብበው።