ለክብረ መንግሥት ጭቃ የትኛው ጎማ?

እሷ፦ በክብረ መንግሥትና በሻኪሶ ዋናው ዝናብ የሚጥለው እንደ አዲስ አበባ በክረምት ሳይሆን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። እዚያ የሚነዳ ሾፌር የጭቃ ጎማ ይግዛ ትላለህ?

እሱ፦ መንገዱ ይወስናል። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ወርቅ ቁፋሮው ወይም ወደ ቡና እርሻው በየቀኑ የሚገባ ከሆነ፣ አዎ። ቀዩ አፈር ሲርስ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ የተራ ጎማ ጥርስ ወዲያው ይደፈናል። የጭቃ ጎማ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለው ሲሽከረከር ጭቃውን ያራግፋል።

እሷ፦ ነገሌ ቦረና ለሚመላለሰውስ?

እሱ፦ ቁልቁል ሲወርድ አገሩ ይደርቃል፤ ድንጋይና እሾህ ይበዛል። ለእሱ ጎኑ ጠንካራ የሆነ፣ ኤ/ቲ የሚባለውን የሁሉም መንገድ ጎማ እመርጣለሁ። የጭቃው ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን መንገዱ ሲረጥብ ፍሬን ተይዞ ቶሎ አለመቆሙ ነው። ሰው ጭኖ ሐዋሳ ለሚመላለስ በፍጹም አልመክርም።

እሷ፦ ለጭቃ ሰፊ ጎማ ይሻላል የሚሉም አሉ።

እሱ፦ ሁልጊዜ አይደለም። የላንድክሩዘሩ 7.50 በ16 ቀጭን ነው፤ ጭቃው ጥልቅ ካልሆነ ሰንጥቆ ከታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛል። ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑ ላይ የተመረተበትን ጊዜ የሚያሳዩትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 1923 ካለ በፈረንጆች 2023፣ በ19ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ አለ።

እሷ፦ ስኮርቱስ?

እሱ፦ ከአራቱ ጋር እኩል ልክ ይሁን። ቁመቱ የተለየ ጎማ አስሮ አራቱንም እግር አስገብቶ መንዳት ትራንስፈር ኬዙንና ዲፈረንሻሉን ይጎዳል።