የስልክ ጥሪ ትልቁን ደወል እንዲያስጮህ



በሸዋ ሮቢት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ በምዕራብ በኩል ባለው ደጋ ዝናብ ከጣለ፣ ወንዙ በድንገት እንደሚሞላ የይፋት ቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል። የደጋው ዘመድ «ጎርፍ መጣ፣ ከብቱን አሽሹ» ሊል ቢደውልም፣ ባለቤቶቹ ማሽላ ውስጥ ከሆኑ ወይም እንቅልፍ ከጣላቸው ጥሪው ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ስልኩ ሲጠራ ትልቅ ደወል ከደጅ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላልን ብለን ጠየቅን።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ተዘርግቶ ነበር። በባለ ሽቦ ስልክ መስመር ላይ ዘወትር 48 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ። ጥሪ ሲመጣ ግን 90 ቮልት ያህል ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይላካል። ካፓሲተር የተባለው ዕቃ ቀጥተኛውን አግዶ ተለዋዋጩን ያሳልፋል። ያለፈውም ኃይል ሪሌ የተባለውን ማብሪያ ይስባል፤ ሪሌውም በራሱ ባትሪ የሚሠራውን ትልቅ ደወል ያስጮኻል። ትንሹ ኃይል ያዛል፣ ትልቁ ይሠራል ማለት ነው።

እኛ ግን ያገኘነው አሮጌ የእጅ ስልክ ነው። በመጀመሪያ ደወሉን ከንዝረት ሞተሩ ሽቦዎች ጋር በቀጥታ አገናኘነው፤ ድምፅ አልሰጠም፤ ኃይሉ አይበቃውምና። በኋላ ሽቦዎቹን ኦፕቶካፕለር በምትባል ዕቃ ውስጥ ወዳለችው ትንሽ መብራት አደረስናቸው። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ መብራቲቱ ትበራለች፤ በትራንዚስተር አማካይነትም ሪሌው ይሳባል፤ ባለ 12 ቮልቱም ደወል ከግቢው ማዶ ተሰማ።

ሦስት ነገር አደራ እንላለን። ስልኩ የሚንቀጠቀጠው ለታወቀው ቁጥር ብቻ ይሁን፤ አለዚያ ሰው በከንቱ ጩኸት ተሰላችቶ በእውነተኛው ቀን አይነሣም። የባለ ሽቦውን መስመር ማንም ያለ ባለሙያ አይንካ፤ የጥሪው ኃይል ሰውን ይመታልና። ባትሪውም በየሳምንቱ ይፈተን።

እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን እንሄዳለን፤ ሳጥኑ ግን ለታናናሾቻችን ይቀራል። ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ ደውላችሁ ሞክሩት።