ስለ ተሰበረው የንግሥት ሐትሼፕሱት ምስል
በሸደር ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ



በዚህ አገር ማታ ማታ ከየቤቱ የሚወጣው የዕጣን ሽታ ዛሬ ወደምነግራችሁ ነገር ያገባኛል። ግእዙ ስኂን የሚለውን እናንተ በሶማልኛ ቤዮ፣ ከርቤንም መልመል ትሉታላችሁ። ይህንኑ ሙጫ ፈልገው የግብጽ ሰዎች ከዛሬ 3500 ዓመት ግድም በፊት በመርከብ መጥተዋል፤ የመጡበትንም አገር ፑንት ይሉት ነበር። ሊቃውንት በፑንት ወሰን ገና አልተስማሙም። ነገር ግን በጥንት ግብጽ የተቀበሩ ዝንጀሮዎች ተመርምረው፣ ከፊሎቹ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያና ከሶማሌ ምድር ወገን መምጣታቸው በ2020 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ተጽፏል።

መርከቦቹን የላከች ሐትሼፕሱት የምትባል ንግሥት ናት። በዴር ኤል ባሕሪ ባሠራችው መቅደስ ግድግዳ ላይ የፑንት ሹም ፓረሁ ከሚስቱ ከአቲ ጋር ቆሞ፣ የዕጣኑም ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት ሆኖ ሰዎች ተሸክመውት ወደ መርከብ ሲወስዱት ተቀርጿል። ዛፍ ከነሥሩ ባሕር ማሻገር እንዴት ያለ ድፍረት ነው!

ከሞተች ከ20 ዓመት ያህል በኋላ ግን የባልዋ ልጅ ሣልሳይ ቱትሞስ ስሟን ከግድግዳ አስፋቀ፤ ምስሎቿንም አሰባብሮ በጉድጓድ አስጣለ። በ1926 እና በ1928 መካከል የኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ሰዎች ጉድጓዱን ሲቈፍሩ የአንዱን ምስል ራስና ሌላም ስባሪ አገኙ። የዚሁ ምስል ገላ ግን ሌፕሲዩስ የተባለ የጀርመን ሊቅ ከ80 ዓመት በፊት ወስዶት በበርሊን ተቀምጦ ነበር። በ1929 በልውውጥ ወደ ኒውዮርክ መጥቶ ከራሱ ጋር ተገጠመ። ዛሬ ንግሥቲቱ የወንድ ንጉሥ ራስ መሸፈኛ ደፍታ፣ ገላዋ ግን የሴት ሆኖ፣ በዙፋኗ ተቀምጣ ትታያለች።

ይህን ማንሣቴ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ፣ አንድ ባላገር ፊደል የተቀረጸበት የድንጋይ ስባሪ አመጣልኝ። ከወዴት እንዳገኘው ሳልጽፍ ከደጃፍ አኖርሁት፤ የበር መደገፊያ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ፊደሉን የሚያነብ ሰው መጥቶ አስቀድሞ የጠየቀኝ ስፍራውን ነበር። ባላገሩ ሞቷል፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ። ቀሪው ድንጋይ ምናልባት ዛሬም ከአንድ አጥር ውስጥ ይኖራል።

በዚህ ድንበር ዙሪያም የፈረሱ የእስላም ከተሞች አሉ፤ ከርል የተባለ እንግሊዛዊ በ1937 ስለ እነርሱ ሲጽፍ ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪ ሳይቀር እንደ ተገኘባቸው አስታውቋል። እረኛ ልጅ እንዲህ ያለውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ቢመጣ፣ መምህሩ የቦታውን ስም፣ በአቅራቢያው ያለውን የውኃ ጕድጓድ፣ ያገኘውን ልጅና ቀኑን በደብተር ይጻፍ። የቦታውን የቀድሞ ስም ሽማግሎች ያውቃሉና እነርሱን ይጠይቅ። ስባሪውን አይጠበው፣ አይፋቀው፤ የቀረውንም ለማግኘት ብሎ አያስቈፍር።