የሳይንስን መጽሐፍ አንብቦ ስለ መረዳት



ማታ ከመሥሪያ ቤት ተመልሳችሁ ልጃችሁ የሳይንስ መጽሐፉን ሳይደናቀፍ ሲያነብ ብትሰሙ ደስ ይላችኋል። ዳሩ ግን መጽሐፉን ዘግታችሁ «ምን ይላል?» ብላችሁ ብትጠይቁት፥ ቃሉን እንዳለ ይደግምላችሁ ይሆናል እንጂ በራሱ አነጋገር ለማስረዳት የሚቸገርበት ጊዜ ብዙ ነው። በየጠረጴዛው ተነቦ፥ ተፈርሞበትም፥ ጉዳዩን ማንም ሳይረዳው ወደ መዝገብ ቤት የሚመለስ ደብዳቤ እንዳለ እናንተም አታጡትም።

ይህ ጉድለት በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚታረም ይመስለናል። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚታረመው በሳይንስ ትምህርት ነው እላለሁ፤ ሳይንስ የሚናገረው ስለሚታይና ስለሚዳሰስ ነገር ነውና።

«ተክል ለማደግ ብርሃን ያስፈልገዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። ልጁ ይህን ከማንበቡ በፊት የጠላ ብቅል ሲዘጋጅ እንዲያይ ይደረግ። ተነክሮ በኮባ ቅጠል የተሸፈነው ገብስ ፀሐይ ሳያይ በጥቂት ቀን ያጎነቁላል። ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷልን? ይህ ጥያቄ በልቡ ያደረ ልጅ ገጹን የሚገልጠው ለፈተና ሳይሆን ለክርክር ነው። ሲያነብም፥ ዘሩ አስቀድሞ ባከማቸው ምግብ እንደሚበቅል፥ ቅጠል አውጥቶ ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት ሲጀምር ግን ብርሃን እንደሚሻ ያገኛል። «ብርሃን አስተፃምሮ» የተባለውም ረጅም ቃል «ከማጣመር» ጋር ዘመድ መሆኑ ቢነገረው፥ ውሃና ከአየር የተወሰደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብርሃን ኃይል ተጣምረው ምግብ እንደሚሆኑ ለመረዳት አይከብደውም።

እ.ኤ.አ. በ1984 ፓሊንክሳርና ብራውን የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች፥ አጥርተው እያነበቡ ምሥጢሩን ለማይረዱ ተማሪዎች አራት ልማድ ማስተማራቸውን ጽፈዋል፤ ይኸውም የሚመጣውን መገመት፥ መጠየቅ፥ ያልገባን ነገር ማጣራት፥ ያነበቡትንም በአጭሩ መናገር ነው። መምህሩ አስቀድሞ ያሳያል፤ ኋላ ተማሪዎቹ በየተራ የመምህሩን ስፍራ ይይዛሉ። በ1990ዎቹም የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ገትሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር፥ ልጆች ተፈጥሮን ተመልክተው ከዚያ በተነሣ ጥያቄ መጻሕፍት የሚያነቡበትን ዘዴ አዘጋጁ። (በእኛም ዘንድ ከንባብ ቤት በላይ ትርጓሜ ቤት አለ፤ ነገር ግን ከዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።)

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያነበበውን መጠየቅ ያልለመደ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ባዮሎጂና ፊዚክስ በባዕድ ቋንቋ ሲቀርቡለት፥ በእጁ የሚቀረው መሣሪያ መሸምደድ ብቻ ነው።

መምህራን ክፍለ ጊዜው አይበቃንም ይሉ ይሆናል፤ እውነትም አላቸው። ስለዚህ ዛሬ ማታ በቤታችሁ አንድ አንቀጽ ብቻ አስነብቡ። መጽሐፉ ይዘጋ፤ ልጁ መምህር፥ እናንተ ተማሪ ሁኑ። ዝም ቢልም መልሱን ቸኩላችሁ አትንገሩት።