ሰላጣን ያለ አፈር በውሃ ላይ ስለ ማሳደግ
(ለወገዳና ለአካባቢዋ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ተረት ይመስላችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን እውነት ነው። ሰላጣ ያለ አፈር በውሃ ላይ ይበቅላል። ተክል ከአፈር የሚሻው በውስጡ ያለውን ምግብ ስለሆነ፥ ያ ምግብ በውሃ ከሟሟለት ይበቃዋል። ይህንንም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ዛክስና ክኖፕ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በሙከራ አሳይተዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃን የማያስገባ ባልዲ አዘጋጁ፤ ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል። ክዳኑን ብሱና ችግኙን ሥሩ ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርጋችሁ ትከሉ። ለአንድ እግር ሰላጣ ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይበቃል። ውሃው ሲጎድል መልሳችሁ እስከ አፉ አትሙሉት፤ ከላይ የቀረው ሥር አየር ይስባልና፥ በውሃ ከተዋጠ ታፍኖ ይበሰብሳል። ችግኙ ከተዛወረ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርሳል።

ምናልባት «ለጤፍ የምበትነውን ማዳበሪያ በጥብጬ ባፈስለትስ?» ትሉ ይሆናል። ይህ ስሕተት ነው። በኤንፒኤስ ውስጥ ናይትሮጅን፥ ፎስፈረስና ድኝ አሉ፤ ፖታሲየም፥ ካልሲየምና ማግኒዚየም ግን የሉም። ዩሪያም 46 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረው፥ ለተክሉ በደንብ የሚስማማው የአፈር ረቂቅ ነፍሳት ከለወጡት በኋላ ነው፤ እነርሱም በንጹሕ ውሃ ውስጥ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በውድ የገዛችሁት ማዳበሪያ በከንቱ ይጠፋል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ምግቡን ሁሉ አሟልቶ የያዘ፥ ለውሃ ተክል የተዘጋጀ ማዳበሪያ ነው።

የፍግ ውሃስ? የፍግ ምግብ የሚፈታው በረቂቅ ነፍሳት ነው፤ አየር ካልተነፋበት ውሃው ይገማል፥ ሥሩም ይታፈናል። ከዚህ የሚብሰው የጤና ነገር ነው። ሰላጣ ሳይበስል ይበላልና፥ ያልተብላላ ፍግ ቅጠሉን ከነካ ለልጆቻችሁ የተቅማጥ በሽታ ያመጣል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የተዘጋጀው ማዳበሪያ ከሌላችሁ፥ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ከአፈር ጋር በጆንያ ሞልታችሁ በጓሯችሁ ትከሉ፤ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጡ። ፍጉንም ሁሉ ኩበት አድርጋችሁ አታንድዱት፤ ለኮምፖስት ከፍላችሁ አስቀሩ። ማዳበሪያውን ያገኘ ደግሞ አስቀድሞ በአንድ ባልዲ ይሞክር።

እናንተም የልማት ሠራተኞች፥ በገበሬ ማሠልጠኛው ግቢ ባልዲውንና ጆንያውን ጎን ለጎን ተክላችሁ አሳዩ፤ የፈጀውን ውሃና ያወጣችሁትን ገንዘብ መዝግቡ። ገበሬ በዓይኑ ያየውን ያምናልና።