ባሕር ላላዩ ሕፃናት የባሕርን ኑሮ ስለ ማሳየት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



የደሴ ሕፃን ባሕር ሲባል በሐሳቡ የሚመጣለት የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የሐይቅ ውሃ ነው። ቀይ ባሕርንም የሚያውቀው ሙሴ ሕዝቡን ካሻገረበት ታሪክ ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፥ «ለአንደኛ ክፍል ልጆች ስለ ኮራል መናገር ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። እኔ ይረባል እላለሁ፤ እንዴት እንደሚጀመርም ላስረዳ።

ሕፃኑን ወደ ባሕር መውሰድ አያስፈልግም፤ ባሕሩ እቤቱ መጥቷልና። እናቶቻችን ባዘሉን አንቀልባ ላይ የተሰፋው ዛጎል፥ በኮራል መካከል እየተሳበ ይኖር የነበረ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ሕፃኑ ይህን በእጁ ይያዝ።

ቀጥሎ ኮራል፥ ዐረቦች መርጃን የሚሉት፥ ድንጋይ መስሎ ሕያው መሆኑን መንገር ነው። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። እኔ ለሕፃናት በነገርኋቸው ጊዜ አንዲት ልጅ «ታዲያ ድንጋይ በምን አፉ ይበላል?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም። ኮራል የጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው፤ ብዙዎቹ ከሽንብራ ፍሬ ያንሳሉ። እያንዳንዱ አንድ አፍ፥ በአፉም ዙሪያ እንደ ጣት የሚዘረጉ መያዣዎች አሉት። ሌሊት በነዚህ ምግቡን ያጠምዳል፤ ቀን ደግሞ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ፥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጁ ያካፍሉታል። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ እየጣለ ቤት ይሠራል፤ አንዱ ሲሞት ሌላው በላዩ ይሠራል። በሺህ ዘመናት ግንቡ ይነሣል። ይህ ግንብ ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ሳይሸፍን ከባሕር ፍጥረታት ዓይነት ሩብ ያህሉን ያስጠልላል። ኮራሉን በመንቁሩ እየፋቀ አሸዋ አድርጎ በኋላው የሚጥል ዓሣም አለ። ሕፃናት ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ኮራል በአገራችን ምድር አለ ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። የባቲን ቁልቁለት ወርዶ፥ ከዚያም በአፋር በኩል ወደ ሰሜን ርቆ የሚገኘውን የዳናክልን ረባዳ ከ100,000 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር ሸፍኖት ነበር። ያን ጊዜ የተሠራው የኮራል ግንብ በዳርቻው ደርቆ ዛሬም ይታያል። ባሕሩ ሲደርቅ ጨው ተወ፤ አባቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ከዚያው ረባዳ የተቈረጠ ነው። ጨዉን እየበላን ባሕሩ ለእኛ ባዕድ ነው ማለት እንዴት ይሆናል?

የሞተውን ያየ ልጅ ስለ ሕያው መጠየቁ አይቀርም። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራል አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ ይህ ጉዳት በብዙ ውቅያኖሶች ደርሷል። ሆኖም የሰባት ዓመት ልጅ ትምህርቱን በዚህ እንዲጀምር አልወድም፤ ገና ያላወቀውን ነገር ጠፋ ቢሉት ምን ያዝናል?

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ቀድሞ ወደ አሰብ ይወስድ በነበረው መንገድ መኪና የነዱ አባቶች በከተማችን አሉ። ባሕሩን በዓይናቸው ያዩ ናቸውና አንድ ቀን ወደ ክፍል ቢጠሩ መልካም ነው። አሮጌ አንቀልባ ያላችሁ እናቶችም ሁለት ሦስት ዛጎል ለአንደኛ ክፍል ብትልኩልን እጅግ ደስ ይለናል።