ሥሩ ሕያው ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሬድዮ የምትሰሙን ምእመናንና ምእመናት ሆይ፤ በወላይታ ምድር፣ በሁምቦ፣ ዛፉ ተመንጥሮ የተራቆተ ተራራ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ሕዝቡ 2,728 ሄክታር ያህል ከልሎ ከብት እንዳይገባበት ከለከለ፤ ከጉቶው የሚያቈጠቍጠውንም እየገረዘ ጠበቀ። ሞተ የተባለው ጉቶ ሥሩ ሕያው ነበረና ደን ሆነ።

አእምሮው የታመመ ሰውም እንዲሁ ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ በመልአኩ እጅ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፤ እስኪያርፍም ታገሠው። እንግዲህ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣውን፣ መብል ያስጠላውን፣ ደስታ የራቀውን ወንድማችሁን «እምነት ጐድሎት ነው» አትበሉት። ሞትን ይመኝ እንደ ሆነ በፍቅር ጠይቁት፤ መጠየቅ አሳቡን አያመጣበትም። አዎን ቢል ብቻውን ሳትተዉት ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት።

ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት መዋጥ የለበትም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል። የድባቴ መድኃኒት ኃይሉ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነውና ሐኪሙ ሳያዝ አይቋረጥ። እኛም ካህናት በጠበሉ ስፍራ ይህንኑ እንናገራለን።

በሰንሰለትም አትሰሩት። በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው ሰንሰለት አልፈወሰውም፤ በጌታ ፊት ግን ልብሱን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀመጠ።

ታማሚዎቻችንን እንድንጠብቅ ትዕግሥቱን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።